"የቡና ለቀማው ይለፍና እታከማለሁ"

በሸዋ ቤንችም በሉት በሚዛን ዙሪያ ወይም ቴፒ ድረስ ባለው የቡና አገር፣ ይህን አነጋገር የማያውቅ ቤተሰብ ይኖራል ማለት ይከብዳል። አባት ስልሳውን አልፈዋል። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። ወገባቸውን ያማቸዋል። ሲጠየቁ "የጆንያ ሸክም ነው" ይላሉ። ለቀማው ያልፋል፤ ከዚያ ሽያጩ ይመጣል፤ ከዚያ የልጅ ትምህርት፤ ከዚያ ክረምት ይገባል፣ መንገዱ ይጨቀያል። በመጨረሻ እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው በሰው ድጋፍ ሆስፒታል ይደርሳሉ።

እዚያ የሚጠብቃቸው ዜና ሁለት ነው። አንደኛው፣ የፕሮስቴት ካንሰር ይዟቸዋል፤ አከርካሪ አጥንት ላይም ደርሷል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ዝም ያሰኛቸዋል። ሐኪሙ "የወንድ ሆርሞንዎን ዝቅ ማድረግ አለብን" ይላቸዋል። ይህ የሚሆነው የዘር ፍሬውን በቀዶ ሕክምና በማውጣት ወይም ሥራውን የሚያቆም መርፌ በየጊዜው በመውሰድ ነው።

አባት አንገታቸውን ይደፋሉ። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሟል። በልጅ ፊት ይህ ይነገራል? "ቤተሰብ አማክሬ እመለሳለሁ" ብለው ይወጣሉ። ከሚወጡት የማይመለሱ አሉ።

ሕክምናው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941 ቻርለስ ሃጊንስ የተባለው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ቴስቶስትሮን ሲነሳው እንደሚሟሽሽ አሳየ። በ1966 ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ካንሰሩን ከሥሩ አይነቅለውም፤ ግን የአጥንት ሕመሙን ያስታግሳል፣ ለብዙዎችም ዕድሜ ይጨምራል። ዋጋም ያስከፍላል፦ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ሰውነት በድንገት ይግላል፣ አጥንት ይሳሳል። ይህን ሳይሸፋፍኑ መንገር ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሆርሞኑ ካንሰሩን የሚመግብ ከሆነ፣ በሽታው የመጣው ከ"ወንድነት ብዛት" ነው? በሹክሹክታ እንዲህ የሚያስቡ አሉ፤ እፍረቱም ከዚህ ይጀምራል። ሳይንስ የሚለው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የ18 ጥናቶች መረጃ አንድ ላይ ተጠቃልሎ ሲታይ፣ በደም ውስጥ ባለው የወንድ ሆርሞን መጠንና በፕሮስቴት ካንሰር መያዝ መካከል ግንኙነት አልተገኘም። በ2018 በሰፋ መረጃ ሲታይ ደግሞ፣ ነጻ ቴስቶስትሮናቸው ከሁሉም ዝቅተኛ የሆነው አንድ አስረኛ ወንዶች የመያዝ ዕድላቸው በ23 በመቶ ያነሰ ሆነ። ከዚያ በላይ ግን ሆርሞኑ በጨመረ ቁጥር አደጋው አብሮ አልጨመረም። እናም ማንም ሰው ይህ በሽታ የያዘው ወንድነቱ ስለበዛ ወይም ኃጢአት ስለሠራ አይደለም።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። "ፕሮስቴት ካንሰር" በአንድ ስም የሚጠራ የተለያየ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሚቺጋን ተመራማሪዎች በብዙ ዕጢዎች ውስጥ ሁለት ጂኖች ተገጣጥመው አገኙ። አንደኛው በወንድ ሆርሞን የሚታዘዝ ነው፤ ሌላው ኢአርጂ ይባላል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ፣ የአንዱ ቤት ማብሪያ የጎረቤቱን መብራት እንደሚያበራው፣ ሆርሞኑ ኢአርጂን ያለቦታው ያስነሳዋል። በ2016 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ነጻ ቴስቶስትሮን ከፍ ማለቱ ኢአርጂ ካለበት ካንሰር ጋር መያያዙን፣ ከሌለበት ጋር ግን አለመያያዙን አሳይቷል። ማለትም የሆርሞኑ ድርሻ እንደ ካንሰሩ ዓይነት ይለያያል።

ይህ ለቤንቹ አባት ምኑ ነው? በ2022 "ኔቸር" ላይ የወጣ ጥናት የደቡብ አፍሪካ፣ የአውስትራሊያና የብራዚል ወንዶችን ዕጢ አነጻጽሮ፣ የአፍሪካውያኑ የራሱ የሆነ የጂን መልክ እንዳለው አሳይቷል። በዚያ ጥናት ውስጥ የኢትዮጵያ ወንዶች ዕጢ የለም። ዓለም ሕክምናን እንደ ካንሰሩ ዓይነት መቁረጥ በጀመረበት ዘመን የኛ አባቶች ልክ ካልተወሰደ፣ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው የሚደርሳቸው።

ከጂኑ በፊት ግን መንገዱ አለ። ጎሴሬሊን የሚባለው መርፌ እንደ መጠኑ በየ28 ቀኑ ወይም በየ12 ሳምንቱ ይሰጣል። ከሚዛን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። መርፌው በቅርብ ካልተገኘ፣ የአንድ ማሳ ቡና ስንት ደርሶ መልስ ይችላል? ለሀብታሙ ቀዶ ሕክምናው አንድ አማራጭ ነው። ለገበሬው ግን ብዙውን ጊዜ ያው አንዱ ብቻ ይቀራል። ምርጫ ሳይኖረው "ፈርም" የተባለ ሰው ቢሸሽ ይፈረዳል?

ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረግ። መርፌው እስከ ዞን ሆስፒታል ይውረድ፤ አንድ ሰው ስለ አካሉ ሲወስን ርቀት አይወስንለት። ሐኪሙም ወሬውን በር ዘግቶ፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ባለቤታቸው እንዲሰሙ ፈቃዳቸውን ጠይቆ ይንገራቸው። የላንሴት ኮሚሽን በዓመት የሚያዙት ወንዶች በ2020 ከነበረው 1.4 ሚሊዮን በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ተንብዮአል። ጊዜው ሩቅ አይደለም።

ሦስተኛው የቤተሰብ ነው። ሽንት የሚያስቸግረው ሁሉ ካንሰር የለበትም፤ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የሚመጣ የዕጢው ማደግ ነው። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም። ካንሰሩ ገና በጅምሩ ምልክት ላያሳይም ይችላል። አባቱ ወይም ወንድሙ የተያዘበት ወንድ ዕድሉ በእጥፍ ገደማ ስለሚጨምር፣ ልጅ አባቱን ሲጠይቅ ስለራሱም መጠየቁ ነው።

ቡናው በሚቀጥለው ዓመትም ይቀላል። ዛሬ ማታ ደውላችሁ አባታችሁን "ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?" ብላችሁ ጠይቋቸው። "የጆንያ ሸክም ነው" ካሏችሁ፣ ለቀማውን ሳትጠብቁ ይዛችኋቸው ሂዱ።