በሃያ ሰው የተጀመረ ጉባኤ

የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች ጉባኤ ሲባል ዛሬ ለብዙ ሰው የሚታየው ጢም ያለ አዳራሽና የፊልም ጀግኖችን ልብስ የለበሰ ወጣት ነው። አጀማመሩ ግን እንዲህ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1937 በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ የተሰበሰቡት አንባቢዎች ሃያ ገደማ ቢሆኑ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ኋላ የሳይንስ ልብወለድ ደራሲ የሆነው የ19 ዓመቱ አርተር ሲ. ክላርክ ነበር። ይኸው ወጣት በ1945 ሳተላይቶች 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ሆነው የሬዲዮ መልእክት ለዓለም ማዳረስ እንደሚችሉ ጻፈ፤ ዛሬ በሳተላይት የሚተላለፈው ቴሌቪዥን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

አሜሪካኖቹ ደግሞ «በ1936 ፊላደልፊያ ላይ ቀድመናችኋል» ባይ ናቸው። ሙግቱ ዛሬም አልበረደም።

ትንሽ ጉባኤ የሚጥመው ደራሲና አንባቢ አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለሚከራከሩ ነው። እናንተስ ስለምትወዱት መጽሐፍ ከማን ጋር ትከራከራላችሁ?