መኪናዬ የምታውቀውና የማታውቀው

ቨርጂኒያ ውስጥ ተሳፋሪ ማመላለስ እንጀራዬ ነው። ፍጥነቴን ማን ይመዘግባል፣ መዝገቡስ የማን ነው ለሚሉት ጥያቄዎች ስጀምር የነበረኝ መልስ ከሞላ ጎደል የተገለበጠ ነበር።

1. የፍጥነት መለኪያው መርፌ ያጋንናል። ከጂፒኤሱ ጋር ሲለያዩ የማማው ስልኬን ነበር። መኪና ግን ፍጥነቷን የምታውቀው የጎማዋን ዙር ቆጥራ ነው፤ ጎማ ሲያልቅ ዙሪያው ስለሚያጥር ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል። አውሮፓ ውስጥ የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39ማ ማጋነኑን ይፈቅዳል፤ እስከ 10 በመቶ፣ በላዩም 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ክልክሉ አሳንሶ ማሳየት ነው።

2. ትልቅ ጎማ ያሳንሳል። ለግርማ ብዬ ከፋብሪካው የሚበልጥ አስገጠምኩ። ዙሪያው በ10 በመቶ ከበለጠ፣ መርፌው 60 ማይል ሲል የምትሄደው 66 ነው። ይህን የተረዳሁት ፖሊስ ካስቆመኝ በኋላ ነው። በመሐላ የተረጋገጠ የመለኪያ ፍተሻ ውጤትን ፍርድ ቤት እንዲያይ የቨርጂኒያ ሕግ እንደሚያዝዝ የሰማሁት ደግሞ ቅጣቱን ከከፈልኩ በኋላ።

3. ግጭት መዝጋቢው ጥቁር ሳጥን የሚታማውን ያህል አይሰልልም። ከተሳፋሪ ጋር የማወራውን ሳይቀር የሚቀዳ ይመስለኝ ነበር። አንድ ባልደረባዬ መስቀለኛ መንገድ ላይ ተጋጭቶ ጉዳዩ ጠበቃ ጋ ሲደርስ አብሬው ሄድኩ። ከሳጥኑ የወጣው ወረቀት ከግጭቱ በፊት ከነበረው ጊዜ 5 ሰከንዶችን ብቻ የያዘ ነው፦ ፍጥነት፣ ፍሬን፣ የነዳጅ ፔዳል፣ ቀበቶ። ድምፅ የለም፤ ቦታም የለም። ፍሬን መያዙን የመሰከረለትም ይኸው ወረቀት ነው። (ለወደፊት መኪኖች ወደ 20 ሰከንድ እንዲረዝም ተወስኗል።) እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፌዴራል ሕግ መረጃው የመኪናው ባለቤት፣ ወይም በኪራይ ውል የያዘው ሰው ንብረት ነው ይላል፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ያለ እሱ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይወሰድም። የማይዋጥልኝ ሌላ ነው፤ ሳጥኑ የሚመዘግበው መኪናዋ ራሷ ያሰላችውን ፍጥነት ነው። ያ ትልቁ ጎማዬ ለእኔ አድልቶ በሐሰት ይመሰክርልኛል ማለት ነው።

4. የሚሰልለኝ ራሴ የፈቀድኩለት ነው። ለኢንሹራንስ ቅናሽ ብዬ ስልኬ ላይ አፕ ጫንኩ። ድንገተኛ ፍሬን ይቆጥራል፣ የሌሊት ጉዞ ይቆጥራል። የእኔ ሥራ ደግሞ ሌሊት ወደ ደለስ አየር ማረፊያ ነው። አጋዘን ላለመግጨት የያዝኩት ፍሬን እንደ ግዴለሽነት ተመዘገበብኝ። አፕ እንኳ ያልጫነ ሰው አያመልጥም፤ ጄኔራል ሞተርስ የአሽከርካሪዎችን መረጃ ለኢንሹራንሶች መረጃ ለሚያቀርቡ ድርጅቶች ሲያስተላልፍ መቆየቱ የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ያቆመውም ከዚያ በኋላ። የእኔዋ የሌላ ፋብሪካ ብትሆንም ዜናውን እንዳነበብኩ ስክሪኗን ከፍቼ መረጃ ማጋራት የሚለውን አጠፋሁ። ያገለገለች ስለነበረች የቀድሞ ባለቤቷ ስልክና የቤቱ አድራሻ እዚያው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እነሱንም ደመሰስኩለት።