ሳይሰብሩ ውስጥን ማወቅ

እኛ ሰዎች የተሰወረ ነገር ሲያጋጥመን ሁለት መንገዶች ይቀርቡልናል፤ አንደኛው ሰብሮ ማየት፥ ሁለተኛው ሳይሰብሩ መመርመር ነው። ገበያ ወጥታ እንስራ የምትገዛ እናት ሸክላውን በጣቷ አንኳኩታ የምታዳምጠው ሁለተኛውን መንገድ ይዛ ነው፤ ደኅናው ጥርት ብሎ ሲጮኽ፥ የነቃው ግን ድምፁ የታፈነ ይሆናል።

አውንብሩገር የተባለው የኦስትሪያ ሐኪም የሕመምተኛን ደረት በጣት እየመቱ በውስጡ ያለውን ደዌ የሚያውቁበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1761 በመጽሐፍ አሳተመ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ስለ ነበረ፥ በርሜል እየተመታ የወይን ጠጁ ልክ ሲታወቅ በልጅነቱ አይቶ ነው ይባላል። የውሃ ቧንቧ ሠራተኛም እንዲሁ ሌሊት የከተማው ጫጫታ ጋብ ሲል፥ የብረት ዘንግ በቧንቧው ላይ አቁሞ በጆሮው እያዳመጠ የሚያፈሰውን ስፍራ ይፈልጋል፤ በዚህም መንገዱ በሙሉ ከመቆፈር ይድናል።

ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን የሚታዩት ግን በግብፅ ፒራሚዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ሃዋርድ ቫይዝ የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በታላቁ ፒራሚድ ውስጥ የተሰወሩ ጓዳዎችን ለማግኘት ድንጋዩን በባሩድ አፈረሰ። ጓዳዎቹን በእርግጥ አገኘ፤ ነገር ግን ባሩድ የሰበረውን ድንጋይ እንደ ነበረ አድርጎ የሚመልሰው የለም።

በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊስ አልቫሬዝ ከግብፃውያን ባልደረቦቹ ጋር በካፍሬ ፒራሚድ ሥር መሣሪያ ተከለ። ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ከአየር ጋር ሲጋጭ ሙዮን የሚባሉ ረቂቃን ቅንጣቶች ይወለዳሉ፤ እነዚህም ድንጋይን ዘልቀው ሲያልፉ፥ ድንጋዩ በበዛበት በኩል ጥቂቶች፥ ባዶ ባለበት በኩል ብዙዎች ይደርሳሉ። አልቫሬዝ በ1970 ውጤቱን ሲያሳትም፥ በተመረመረው ወገን ያልታወቀ ጓዳ አለመኖሩን አስታወቀ። እኛ ከሁሉ ይልቅ የምናደንቀው ይህን ቃል ነው፤ በማስረጃ «የለም» ማለት «አለ» ከማለት አያንስምና። ባሩድ የያዘ ሰው ግን «የለም» ለማለት የሚችለው ሁሉን አፍርሶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

በዚሁ ዘዴ በ2017 በታላቁ ፒራሚድ ውስጥ ከ30 ሜትር የማያንስ ርዝመት ያለው ባዶ ስፍራ ተገኘ። በ2023 ደግሞ በሰሜን ፊቱ በኩል 9 ሜትር ያህል የሚረዝም መተላለፊያ መኖሩ ተረጋገጠ፤ ይህንንም በድንጋዮች መጋጠሚያ በገባች ቀጭን የካሜራ ቱቦ በዐይን ለማየት ተቻለ። አንድም ድንጋይ አልፈረሰም።

ይህ ነገር እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ ይመለከተናል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉ ስለ ሆኑ፥ ከእነርሱ የተሰበረውን በሌላ ድንጋይ መተካት ይቻል ይሆናል እንጂ የመጀመሪያውን ዐለት ዳግመኛ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ በአደራ የተቀበልነውን ሥራ ውስጡን ለማወቅ ስንነሣ፥ ከመዶሻው አስቀድመን ጆሯችንን እናቅርብ፤ ትዕግሥት የሚያስከፍለን ጊዜን ብቻ ሲሆን፥ ችኮላ ግን የማይመለሰውን ያስከፍለናል።