ወሬ ሰምቶ መፍረድ

እኛ የሳንጃ ልጆች «ቆላ ነው፥ ወባ አለበት» እየተባለ ሳይታይ በሚፈረድበት አገር ስላደግን፥ የተነቀፈ ነገር ሁሉ አንድ ጊዜ እንዲታይ እንሻለን። ዛሬ የምንማልድለት «ኢፉትቦል» የተባለው የኳስ ጌም ነው።

የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ «ፔስ» የሚለውን የተወደደ ስም ትቶ ይኸን ጌም መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በነጻ ሲያወጣ፥ የተጫዋቾቹ ፊት ተጣሞ፥ አካላቸውም ተዘበራርቆ ስለ ታየ ብዙ ሰው ሣቀበት፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። ነቀፌታው እውነት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ተሻሽሎ ሲወጣ፥ ከምናውቃቸው ነቃፊዎች ብዙዎቹ ተመልሰው አላዩትም።

እኛ በክረምቱ ዕረፍት በእጅ ስልካችን ሞከርነው። ዝነኛ ተጫዋቾችን በዕጣ መልክ በገንዘብ መሸጡን አንወድለትም። ቅብብሉ ግን ትዕግሥት ያስተምራል፤ ለጌም ቤት የሚከፍለው ሳንቲም ያጣ ተማሪም ከጨዋታው አይከለከልም።

የዛሬ ተማሪ ነገ ዳኛ ወይም መምህር ይሆናል። ልማዱ ወሬ ሰምቶ መፍረድ ከሆነ፥ ያን ጊዜ የሚጎዳው ጌም ሳይሆን ሰው ነው። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ መጀመሪያ ተጫወቱት፤ ከዚያ ንቀፉት።