ቆፋሪው ሲቀልል፦ የጨረቃ መቆፈሪያዎች የምድር ፈተና

በምድር ላይ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ድካሙን በጉልበቱ ይለካዋል እንጂ ክብደቱ የሚያግዘውን ያህል አያስተውለውም። አካፋ በእግር ሲረገጥም ሆነ ኤክስካቫተር ጥርሱን መሬት ውስጥ ሲሰድ፣ አፈሩ መልሶ የሚገፋውን ኃይል የሚቋቋመው የቆፋሪው ክብደት ነው። ጨረቃ ላይ ከዚህ ዝምተኛ ረዳት የሚቀረው አንድ ስድስተኛው ብቻ ነው። በምድር 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ማሽን በዚያ መሬቱን የሚጫነው እዚህ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ የሚጫነውን ያህል ነው፤ ባልዲውን አጥብቆ ቢተክል አፈሩ ከመቆረሱ በፊት ማሽኑ ራሱ ሊንሸራተት ወይም ሊነሣ ይችላል።

አፈሩም ለቆፋሪ የሚመች አይደለም። ነፋስና ውሃ ስላላሻሹት ቅንጣቶቹ ሹልና ጠርዛማ ናቸው፤ ላይ ላዩ ልል ቢሆንም ጥቂት ዝቅ ሲባል እጅግ የታመቀ ነው። የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ይህን በክንዱ አይቶታል። የሙቀት መለኪያ ለመቅበር 3 ሜትር ገደማ እንዲሰረሰር የታቀደው ጉድጓድ ከዕቅዱ እጅግ ባነሰ ጥልቀት ቆመ፤ መሬቱ ከተገመተው በላይ ጠጣር ነበር፣ የመሰርሰሪያው ዘንግ መጋጠሚያም ፍርፋሪውን ወደ ላይ አላሳልፍ ብሎ ነበር። ዘንጉ ከተሻሻለ በኋላ በቀጣዮቹ ጉዞዎች ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

የዛሬዎቹ መሐንዲሶች ክብደት ከመጨመር ይልቅ ብልሃትን መርጠዋል። በናሳ የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል የተሠራው ራዞር የተባለ ሮቦት ከፊትና ከኋላው ባልዲዎች የተደረደሩባቸው ሁለት ከበሮዎች አሉት። ከበሮዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሽከረከሩ አንዱ ማሽኑን ወደፊት ሲስበው ሌላው ወደኋላ ይስበዋል፤ ግፊቶቹም እርስ በርስ ይጣፋሉ። አፈሩንም በስሱ እየላጠ ይሰበስባል።

ፈተናው ግን የራሱ ጥያቄ አለው። ለፈተና የሚውለው አፈር ብዙውን ጊዜ ከተፈጨ ባዛልት የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ክብደቱን ለመቀነስ ሲባል ማሽኑ ከላይ በገመድ ይያዛል። ገመዱ ማሽኑን ያቀልለዋል፤ አፈሩን ግን አያቀልለውም። በምድር ስበት የከበዱት ቅንጣቶች እርስ በርስ ይበልጥ ስለሚጫጫኑ፣ ባልዲውን በጨረቃ ከሚከላከሉት በላይ ይከላከላሉ፤ በአንጻሩም ጎማው የሚቆናጠጠውን መሬት ያጠነክሩታል። አንዱ ስሕተት ማሽኑን ከእውነቱ ይልቅ ደካማ፣ ሌላው ብርቱ አስመስሎ ያሳያል፤ ሁለቱ እኩል ለእኩል ይካካሳሉ ብሎ መገመት ግን ማስረጃ የሌለው ተስፋ ነው። በቅስት መስመር እየወጣ የሚወርድ አውሮፕላን ማሽኑንም አፈሩንም አብሮ ያቀልላል፤ ሆኖም ይህ ሁኔታ የሚቆየው ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው።

ከጨረቃ አፈር ክብደት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከማዕድናት ጋር የተዋሐደ ኦክስጅን ነው። ነገ ይህን ኦክስጅን ሊተነፍስ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ሕይወቱ በቆፋሪው ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ማሽኑ ቢቆም አካፋ ይዞ የሚደርስለት ጎረቤት የለውም። ስለዚህ የፈተና ዘገባ በሰዓት ስንት ኪሎ ግራም አፈር እንደተዛቀ መናገሩ ብቻ አይበቃውም። ማሽኑ ምን ያህል እንደቀለለ፣ አፈሩ ምን ያህል እንደታመቀ፣ የምድር ስበት በየትኛው በኩል ውጤቱን እንዳደላው አብሮ ሊገልጽ ይገባል። ያለ እነዚህ የሚጻፍ ቁጥር፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የሚናገረው በምድር ላይ ስለተቆፈረ አፈር ብቻ ነው።