ጆተኒ ላይ የታረመው አራሚ



ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚህ ደሴ የሰፈራችን ወጣቶች የጆተኒ ውድድር አዘጋጁ። ሁለት ለሁለት ነው፤ 16 ጥንድ ተመዘገበ። አንደኛው ጥንድ እኛና ጫማ የሚሸጥ የ19 ዓመት ወንድማችን ነበርን። እኛ መስጂድ ውስጥ ኢማማችንን እናግዛለን፣ ከዐስር በኋላም ልጆች እናቀራለን። ስለዚህ «የኢማም ረዳት ጆተኒ ቤት ምን ይሠራል?» ያለ አልጠፋም። ኢማማችን ሲጠየቁ «ልጆቹ ያሉት እዚያ ነው፤ ይሂድ» አሉና ወሬውን ዘጉት።

ከመመዝገባችን በፊት አንድ ነገር አንስተን ነበር። በጆተኒ ቤት ልማዱ «የተሸነፈ ይከፍላል» ነው። ውድድር ሲሆን ደግሞ ሁሉም ከኪሱ ያዋጣል፣ አንዱ ጠቅልሎ ይወስዳል። ይህ ስሙ ቢቀየርም ቁማር ነው። ወጣቶቹ ተነጋገሩና መዋጮውን አስቀሩት። የጠረጴዛውን ኪራይ አንድ የሰፈር ነጋዴ ቻለ፤ ለአሸናፊዎቹም ሁለት ጃኬት ከሱቁ ሰጠ። አዛን ሲል ጨዋታው እንዲቆምም ተስማሙ። እኛ ሳንጨምርበት ራሳቸው ያሉት ነው፤ ደስ አለን።

ወንድማችንን ተጣማሪ ያደረግነው በምክንያት ነው። የዛሬ 5 ዓመት ከኛ ዘንድ ይቀራ ነበር። ድምፁ ያማረ፣ ቶሎ የሚይዝ ልጅ ነበር። ጁዝእ ዐማን ጨርሶ ጁዝእ ተባረክ እንደጀመረ አንድ ቀን ቀረ፤ በዚያው ቀረ። ሥራ ይዞት ነው ብለን ተውነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ብቻ ነበር። እና ምናልባት በዚህ እንቀራረብ ይሆናል ብለን ነው «አብረን እንጫወት» ያልነው።

ጆተኒን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከአውሮፓ የመጣ ጨዋታ ነው፤ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ቶርንተን በ1923 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አውጥቶበታል፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህም የራሱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አለው። በተለመደው ጠረጴዛ እያንዳንዱ ወገን በ4 ዘንግ ላይ 11 ሰው አለው፤ 1 በረኛ፣ 2 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ሁለት ለሁለት ሲሆን አንዱ በረኛውንና ተከላካዮቹን ይይዛል፣ ሌላው አማካዮቹንና አጥቂዎቹን። ኳሷ እየሄደች ቦታ መቀያየር አይቻልም፤ ጎል ከገባ በኋላ ግን ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ሁለት ለሁለት ያልተጫወተ ሰው ልብ አይለውም። ከኋላ የተመታች ኳስ ወደ ተጋጣሚ ጎል ስትሄድ የምታልፈው በተጋጣሚዎች መሀል ብቻ አይደለም። በራስህ ተጣማሪ አማካዮችና አጥቂዎች እግር ሥርም ታልፋለች። ስለዚህ ከኋላ ያለው ሊመታ ሲል ከፊት ያለው ዘንጎቹን አዙሮ የሰዎቹን እግር ወደ ላይ ማንሳት አለበት። ካላነሳ የወንድሙን ኳስ ራሱ ይመልሳታል። ያን ጊዜ የሱ ሥራ መምታት አይደለም፤ መንገድ መልቀቅ ነው።

ከኋላ እኛ፣ ከፊት እሱ ሆነን ጀመርን። ጨዋታው ቀድሞ 5 ላገባ ነው። የመጀመሪያውን ዙር 5 ለ2፣ ሁለተኛውን 5 ለ4 አሸነፍን። አልሐምዱሊላህ፣ አሸናፊ ሰው ጥፋቱ አይታየውም። በሁለቱም ጨዋታዎች አፋችን አላረፈም ነበር። «አንሳ!»፣ «ቀስ በል!»፣ «ወደ ግራ!»፣ «አይ፣ አይ!» ስንል ነበር። ስለምናሸንፍ ማዘዛችን የጠቀመ መሰለን።

ግማሽ ፍጻሜ ላይ የገጠሙን ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ሲጫወቱ ድምፃቸው አይሰማም። 2 ለ2 ላይ እያለን ኳሷን ከኋላ አመቻችተን በኃይል መታናት። ወንድማችን እግር ማንሳቱን ዘነጋ። ኳሷ የሱን አማካይ ገጭታ ተመለሰችና የኛው ጎል ውስጥ ገባች።

በዚያ ሁሉ ተመልካች ፊት ጮህንበት። «አንሳ ተብለሃል! ስንት ጊዜ ይነገርሃል!»

ከዚያ በኋላ እጁ ሌላ እጅ ሆነ። ማንሳት በማይገባው ጊዜ ማንሳት ጀመረ። ተጋጣሚ ሊመታ ሲል መከላከል ሲገባው፣ የኛን ድምፅ ፈርቶ እግሮቹን ሰቀለ፤ ኳሷ በመሀላቸው ሾልካ አለፈች። 4 ለ2 ሆነ። አሁንም አፋችንን ልንከፍት ስንል ሁለቱን እጀታዎች ለቀቀና ዞር ብሎ አየን። አልተቆጣም። ቀስ ብሎ፣ ከኛ ሌላ ሰው እንዳይሰማው አድርጎ ነው የተናገረው።

«ኡስታዝ፣ ቂርአቱንም የተውኩት እኮ እንዲህ ሲሉኝ ነው።»

ወላሂ ያን ጊዜ የምንለው ጠፋን። አምስት ዓመት ሙሉ «ሥራ ይዞት ነው» እያልን ራሳችንን ያጽናናንበት ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ፈረሰ። ትዝ አለን። አንዲት ሐርፍ ሲስት ሳንጠብቅ አንስተን እናርመው ነበር። ሁለተኛ ሲስት ድምፃችን ከፍ ይላል። ሦስተኛ ሲስት ደረሳው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። እኛ ተጅዊድ እያስተማርን መስሎን ነበር፤ እሱ ግን ከዚያ የያዘው ፍርሃትን ነው።

የሚያሳፍረው ደግሞ ማረም እንዴት እንደሆነ አለማወቃችን አልነበረም። እናውቃለን። በተራዊሕ ከኢማማችን ኋላ የምንቆመው እኛ ነን። ኢማሙ አያ ሲጠፋቸው የማስታወስ ኃላፊነት አለብን። ይህን ያስተማሩን ሸኻችን አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር፤ ኢማሙ ቆም ሲል ወዲያው አትንገሩት፣ አንድ ትንፋሽ ስጡት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ከአያው መጀመሪያ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ራሱ ያገኘዋል። ከኋላ አምስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲጮህበት ግን የያዘውም ይጠፋዋል። ለኢማማችን ይህን ትንፋሽ ሰጥተን እናውቃለን። ለ14 ዓመት ልጅ ግን ነፈግነው። ለትልቅ ሰው የምናሳየውን አደብ ለትንሽ ሰው ማሳየት እንዳለብን አልታየንም።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። «ቦታ እንቀያየር?» አልነው። ተስማማ። እሱ ወደ ኋላ፣ እኛ ወደ ፊት ሄድን። ፊት መሆን ምን እንደሆነ ያኔ ገባን። ኳሷ ከኋላህ ስትሆን ዓይንህ በተጋጣሚህ በረኛ ላይ ነው፤ ጓደኛህ መቼ እንደሚመታ የምታውቀው በግምት ነው። የመጀመሪያውን እግር አነሳንለትና ከኋላ መትቶ አገባት፤ 4 ለ3 ሆነ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። በሚቀጥለው ደግሞ እኛ ራሳችን ማንሳቱን ረሳን። ኳሱን የኛ አጥቂ መለሰበት፣ ተጋጣሚዎቹም ቀልበው ጨረሱት። 5 ለ3 ተሸነፍን።

ፊቱን ለማየት አፈርን። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ኳሷን አወጣ፣ በጃኬቱ ጠረግ አድርጎ ለቀጣዮቹ አስቀመጠላቸው። ከዚያ ትከሻችንን ነካ አደረገና «አብሽሩ ኡስታዝ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

እኛ በሱ ስሕተት ያን ሁሉ ተናገርን። እሱ በኛ ስሕተት ያለው ሁለት ቃል ነው። ከሁለታችን የተማረው ማን እንደሆነ ለናንተ እንተወው።

ከጆተኒ ቤቱ ስንወጣ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ካፊያም ጀምሯል። መንገድ ላይ ዐፍው እንዲለን ጠየቅነው። «ቆየ እኮ ኡስታዝ፣ ረስቼው ነበር» አለን። እንዳልረሳው ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

አሁን ከዐስር በኋላ ልጆቹ ሲቀሩ አንድ ነገር ለምደናል። ልጁ ሲስት ምላሳችንን ይዘን በልባችን እስከ ሦስት እንቆጥራለን። ቀላል አይደለም። የዛሬ ወር አካባቢ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ አንድ ቃል ላይ ቆመች። አንድ ብለን ሁለት ስንል ዓይኗን ጨፈነች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ አገኘችውና ሳቀች። እሷ ቀና ብላ ስታየን እኛ ግን ያ ወንድማችን ነው ትዝ ያለን። ስንት ጊዜ እንዲህ ሊስቅ ሲል ቀድመነው ይሆን?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ጥንድ የሚኮነው በጆተኒ ብቻ አይደለም። አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሆናችሁ የምትሠሩ አላችሁ። ለፈተና አብራችሁ የምታጠኑ፣ ታናሽ ወንድም የምታስጠኑ፣ በቅርብ ኒካሕ ያሰራችሁም አላችሁ። የተሳሳተ ሰው መሳሳቱን ከማንም በፊት ያውቀዋል። እሱ ራሱ የሚያውቀውን ነገር ጮኸን ስንነግረው የምንጨምርለት እውቀት የለም፤ ከእጁ ላይ ድፍረቱን ብቻ እንወስድበታለን። አርሙ፣ ማረም ተገቢ ነው። ግን መጀመሪያ እግራችሁን አንሱና ኳሱን አሳልፉለት።

ወንድማችን ወደ ቂርአት ገና አልተመለሰም። እኛም አልወተወትነውም። ባለፈው ሳምንት በሱቁ በኩል ስናልፍ ጠርቶን «በሚቀጥለው ክረምትም እንመዘገባለን፣ ግን በአንድ ሸርጥ» አለን።

«ምንድን ነው ሸርጡ?»

«ከኋላ እርስዎ፣ ከፊት እኔ። ድምፅ ግን የለም።»

ኢንሻአላህ ተስማምተናል። አላህ አራሚዎችን ለስላሳ፣ ታራሚዎችንም ይቅር ባይ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።