ማሽኑ ሲሰበር የተጠሩት ሰዎች

ህንድ አገር «የአይጥ ጉድጓድ» የሚባል ሥራ አለ። ሜጋላያ በሚባለው ግዛት ድሆች በደረታቸው እየተሳቡ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ከሰል ይቆፍራሉ። ብዙ ሰው ስለጨረሰ በ2014 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ቤት ከልክሎታል። ይህን ሥራ ያወቅሁት አክስቴን ላስታምም ዴልሂ በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው።

ዴልሂ ለህክምና የሄደ ሐበሻ ኑሮው ሆስፒታል፣ ገስት ሃውስና ቴሌቪዥን ነው። አክስቴ በሳምንት ሦስቴ የኩላሊት እጥበት አላት። በተረፈው ቀን ከሱዳኑም ከኢራቁም በሽተኛ ጋር ተኮልኩለን የማይገባንን የህንድኛ ዜና እናያለን።

ታዲያ ህዳር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከተማው ለዲዋሊ በዓል ርችት በርችት በሆነበት ዕለት፣ ሂማላያ ተራራ ውስጥ ሲልክያራ ላይ የሚሠራ የመኪና መንገድ ዋሻ ተደረመሰና 41 ሠራተኞች ውስጥ ቀሩ። አብዛኞቹ እንደ ጃርካንድና ቢሃር ካሉ ድሃ ግዛቶች ለእንጀራ የመጡ ናቸው። በእነሱና በመውጫው መሀል ወደ 60 ሜትር የሚጠጋ ፍርስራሽ አለ። አየርና ደረቅ ምግብ የሚደርሳቸው በአንዲት ቀጭን ቱቦ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ሰፋ ያለች ቱቦ ገባችና ሩዝና ምስር አንድ ላይ የተቀቀለ ትኩስ ምግብ በጠርሙስ ተላከላቸው። በማግስቱ በዚያችው ቱቦ ካሜራ ገብቶ ፊታቸው ሲታይ፣ እናንተዬ፣ ገስት ሃውሱ በጩኸት ተናወጠ!

ከዚያማ «ዛሬ ይወጣሉ፣ ነገ ይወጣሉ» ሆነ። ለህዳር ሚካኤል አክስቴ ተሳለችላቸው። አልወጡም። አሜሪካ ሠራሹ ግዙፍ መሰርሰሪያ ብረት ገጥሞት ተሰበረ፤ ስብርባሪውን ከቱቦው ቆርጦ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። የዚያን ዕለት አክስቴ እራት አልበላም አለች። «ማሽን እንዲህ ከከዳ እኔም በማሽን ነው ያለሁት። እነዚህ ልጆች ከሞቱ አገሬ መልሺኝ» አለችኝ። ቀልዷን አልነበረም።

ይኼኔ ነው እነዚያ የተናቁት የተጠሩት። አሥራ ሁለት የአይጥ ጉድጓድ ቆፋሪዎች! የዘወትር ሥራቸው ለቧንቧ መስመር መቆፈር ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ቱቦ ውስጥ ተንበርክከው አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ አፈሩን ይሰበስባል፣ አንዱ በጋሪ ያስወጣል። ማሽኑ ያቃተውን የመጨረሻውን አሥር ምናምን ሜትር ከአንድ ቀን ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ጨረሱት። ህዳር 18 ማታ፣ በ17ኛው ቀን፣ 41ዱም በሕይወት ወጡ። አክስቴ እልል ስትል ሱዳናዊቷም አብራት እልል አለች። እልልታ ለካ አስተርጓሚ አያሻውም። ጧት አክስቴ ቀድማኝ ተነስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ የሆስፒታሉን መኪና ትጠብቃለች።

ከቆፋሪዎቹ አንዱን አገር ጉድ ብሎለት ነበር። ሦስት ወር ቆይቶ፣ የካቲት 20 ቀን 2016፣ የዴልሂ የመሬት ባለሥልጣን «ቤትህ የተሠራው በመንግሥት መሬት ላይ ነው» ብሎ ቤቱን አፈረሰው። ሌላ መጠለያ ቢያቀርቡለትም እምቢ አለ።